የሩማ ጕድጓድ፤ የሰይዲና ዑስማን ኢብን ዐፋን ታሪክ

አላህን እያመሰገንን፥ በነቢዩ ሙሐመድም ላይ ሰለዋትና ሰላም እያወረድን፥ አንባቢ ሆይ፥ የአንድ ነጋዴ ሕይወት እናስታውስሃለን። ይህን ሰው ከብዙዎች መካከል የመረጥነው፥ የትርፍን ጣዕም ዐውቆ ሳለ፥ የራሱ ጥቅምና የሕዝብ ችግር ባንድ ቀን በተገናኙበት ጊዜ የትኛውን ማስቀደም እንደሚገባ በሥራው ያሳየ በመሆኑ ነው። አንተም በሱቅህ ተቀምጠህ ወይም ማታ ከቤተ ሰብህ ጋር ሆነህ ይህን ስታነብ፥ የጥንት ወሬ ነው ብለህ አትለፈው።

ሰይዲና ዑስማን ኢብን ዐፋን፥ ረዲየላሁ ዐንሁ፥ ከቁረይሽ ነገድ፥ ከበኒ ኡመያ ወገን ተወለዱ። መተዳደሪያቸው የጨርቅ ንግድ ነበር፤ በዐይነ አፋርነታቸውና በቸርነታቸውም የታወቁ ነበሩ። በአቡ በክር አማካይነት እስልምናን ከተቀበሉት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ሆኑ። አጎታቸው አል ሐከም በገመድ ቢያስራቸውም ከሃይማኖታቸው አልተመለሱም። ከዚያም የነቢዩን ልጅ ሩቀያን አገቡ። የመካ ሰዎች መከራ ባጸኑባቸው ጊዜ፥ በ615 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፥ ከባለቤታቸው ጋር በነጋዴዎች መርከብ ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ ምድር ተሰደዱ። ንጉሥ ነጃሺም ምንም ጥቅም ሳይፈልግ አስጠጋቸው። ይህን ልብ በል፤ በሰው ጥላ ያረፈ ሰው፥ እርሱም በተራው ለሌላው ጥላ ሊሆን ይገባዋል።

በ622 ሙሃጂሮቹ መዲና በገቡ ጊዜ በከተማይቱ ጣፋጭ ውሃ ብርቅ ነበር። ሩማ የሚባል ጕድጓድ ግን መልካም ውሃ ነበረው፤ ባለቤቱም ውሃውን በዋጋ ይሸጥ ነበር። ቤቱንና ንብረቱን በመካ ጥሎ የመጣ ስደተኛ ለልጆቹ የሚጠጣ ውሃ የሚገዛበት ገንዘብ ከየት ያገኛል? ነቢዩም ይህን ጕድጓድ ገዝቶ ለሙስሊሞች የሚተው ሰው በጀነት ዋጋውን እንደሚያገኝ አስታወቁ። ዑስማን ወደ ባለቤቱ ሄደው ተከራከሩ። ሰውየውም ሙሉውን አልሸጥም ባለ ጊዜ ግማሹን በ12,000 ዲርሀም ገዙት፤ ውሃውም አንድ ቀን የእሳቸው፥ አንድ ቀን የሰውየው እንዲሆን ተዋዋሉ። በእሳቸው ቀን ሕዝቡ የሁለት ቀን ውሃ ያለ ዋጋ ይቀዳ ስለ ነበር፥ በሰውየው ቀን ገዢ ጠፋ። ስለዚህ ቀሪውን ግማሽ በ8,000 ዲርሀም ሸጠላቸው። ዋጋው 35,000 ዲርሀም ነበር የሚል ሌላ ዘገባም አለ።

ነጋዴ ወንድሜ ሆይ፥ አንተ ሒሳብ ታውቃለህና እስቲ አስበው። የተጠማ ከተማ ውሃ በእጁ የገባለት ሰው ከየባልዲው ጥቂት ቢቀበል ኖሮ ያወጣውን ገንዘብ ባጭር ጊዜ ይመልስ ነበር። የሚከለክለውም ሕግ አልነበረም። እሳቸው ግን ጕድጓዱን ወቅፍ አደረጉት፤ ሀብታሙም፥ ድሃውም፥ መንገደኛውም እኩል ይቀዳ ጀመር። የባለ ወቅፉም ባልዲ እንደ ማንኛውም ሰው ባልዲ ሆነ እንጂ የተለየ መብት አልተሰጠውም። ጕድጓዱ እስከ ዛሬ ድረስ በመዲና በስማቸው ይታወቃል።

ደግሞም በአቡ በክር የኸሊፋነት ዘመን፥ ከ632 እስከ 634 ባለው ጊዜ፥ ዝናብ ጠፍቶ ሕዝቡ በተራበ ጊዜ፥ እህል የጫነ የግመል ቅፍለታቸው ከሻም ደረሰ ተብሎ ይተረካል። የመዲና ነጋዴዎች በደጃፋቸው ተሰብስበው፥ ለዐሥሩ ዐሥራ ሁለት፥ ኋላም ዐሥራ አምስት ሊከፍሏቸው ዋጋ ጨመሩ። እሳቸው ከዚህ የበለጠ የሚሰጥ እንዳለ ነገሯቸው። የከተማው ነጋዴ ሁሉ በዚያ ነበርና፥ ሌላው ማን እንደ ሆነ ጠየቁ። በዚህን ጊዜ አላህ ለአንዱ ዐሥር እንደሚከፍል አስታውሰው፥ እህሉን በሙሉ ለድሆች ሰደቃ አደረጉት።

ሸሪዓ ትርፍን እንዳልከለከለ ዕወቅ። ዑስማንም ራሳቸው ሀብታም ነበሩ፤ ሀብታቸውም በንግድ የተገኘ ነበር። የተከለከለው ኢሕቲካር ነው፤ ይኸውም የሕዝቡን ምግብ በጎተራ ቈልፎ ዋጋው እስኪወደድ መጠበቅ ነው። በወገኑ ረኃብ የሚከብር ሰው የገዛ ጎረቤቱን እንደ ሸጠ ይቈጠራል።

በ630 የተቡክ ዘመቻ በሆነ ጊዜ ሙቀቱ ጸንቶ፥ ስንቁ አንሶ ሳለ፥ 300 ግመሎችን ከነጓዛቸው፥ ከዚህም ጋር 1,000 ዲናር ሰጡ። የነቢዩ መስጂድ በጠበበም ጊዜ በአጠገቡ ያለውን መሬት በገንዘባቸው ገዝተው ጨመሩ። በ644 ኸሊፋ ሆነው ተመረጡ። የሙስሊሞች ንባብ እንዳይለያይ ቁርኣንን በዘይድ ኢብን ሣቢት መሪነት አስገልብጠው ወደየአገሩ ላኩ። ኸሊፋ ሲሆኑ ከዐረቦች ሁሉ ይልቅ ብዙ ግመልና በግ የነበራቸው ሲሆኑ፥ በመጨረሻ ለሐጅ ጉዞ ከሚሆኑ ሁለት ግመሎች በቀር እንዳልቀራቸው ይነገራል።

በኸሊፋነታቸው ፍጻሜ ግን ስለ ሹማምንት፥ ይልቁንም ስለ ዘመዶቻቸው መሾም ቅሬታ ተነሣ። ከግብፅ፥ ከኩፋና ከበስራ የመጡ ሰዎች ቤታቸውን ከበቡ፤ ውሃም ከለከሏቸው። ለከተማይቱ ውሃ የገዙት ሰው በስተርጅና በዚያችው ከተማ ተጠሙ! ከቤታቸው ሆነው የሩማን ጕድጓድ ለከበቧቸው ሰዎች አስታወሱ፤ የሰማቸው ግን አልነበረም። የሰሐቦች ልጆች ሰይፋቸውን ይዘው ሊከላከሉላቸው መጥተው ነበር። እሳቸው ግን በእኔ ምክንያት የሙስሊም ደም አይፈሰስ ብለው እንዲመለሱ አዘዟቸው። በ35 ዓመተ ሒጅራ፥ በሰኔ ወር 656፥ ቁርኣን ሲያነቡ ተገደሉ። ዕድሜያቸውም ሰማንያ ዓመት ገደማ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህ ሰው ገንዘቡን ለውሃው፥ እህሉን ለተራበው፥ በመጨረሻም ነፍሱን ለከተማው ሰላም እንደ ሰጠ አየህ። ከአንተ ይህን ሁሉ የጠየቀ የለም። ሚዛንህን እንድታስተካክል፥ የሚገባህን ግብር እንድትከፍል፥ በእጥረት ቀን መጋዘንህን እንድትከፍት፥ ለሰፈርህ ውሃ፥ መንገድና ትምህርት ቤት ድርሻህን እንድታዋጣ ብቻ ነው የምትጠየቀው። የቤት እመቤት እኅቴ ሆይ፥ አንቺም ባልሽ ማታ ሲገባ ምን ያህል አተረፍህ ብለሽ ስትጠይቂው፥ ከማን አተረፍህ ብለሽም ጠይቂው፤ ልጆች ይህን ጥያቄ ሰምተው ይደጉ። ውለታህ ቢረሳም አትዘን፤ የዑስማንም ተረስቶ ነበርና፤ በአላህ ዘንድ ግን የሚጠፋ ነገር የለም።

አላህ ሀብታችንን ሐላል፥ እጃችንንም ለወገናችን የተዘረጋ ያድርግልን። አሚን።