የፈረስን በሽታ የመረመሩት ሐኪም፦ ሰር አርኖልድ ታይለር

የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ማታ ገለባውን ሲበላ ያመሸን ፈረስ በማግስቱ ሊገድል የሚችል ደዌ ነው። በሽታውን ለመከላከል ዛሬ የምንገለገልበት ዕውቀት በአብዛኛው መነሻው ስዊዘርላንዳዊው የእንስሳት ሐኪም አርኖልድ ታይለር ናቸው።

ታይለር እ.ኤ.አ. በ1867 ፍሪክ በተባለች የስዊዘርላንድ ከተማ ተወልደው፣ በ1891 ወደ ደቡብ አፍሪካ ትራንስቫል ተሻገሩ። የሕክምና ሥራ ስላላገኙ በፕሪቶሪያ አቅራቢያ በሚገኝ እርሻ ተቀጥረው ሲሠሩ፣ የድርቆሽ መቁረጫ ማሽን አንድ እጃቸውን ቆረጠው። ሙያቸውን ግን አልተዉም። በ1896 የደስታ በሽታ ትራንስቫል ሲገባ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ሆነው ተሾሙ፤ ይህ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአገራችን ከብቱን ፈጅቶ ክፉ ቀን ያስከተለው ያው ወረርሽኝ ነበር።

ይበልጥ የደከሙበት ግን የፈረስ በሽታ ነው። የበሽታው መንሥኤ ባክቴሪያን በሚያስቀር ረቂቅ ማጣሪያ አልፎ የሚሄድ መሆኑን ካረጋገጡት ተመራማሪዎች አንዱ ሆኑ። ከዚያም የታመመ እንስሳ ደምንና ያገገመ እንስሳ ሴረምን በአንድ ጊዜ በመውጋት በቅሎዎችን መከላከል ቻሉ። ፈረስ ግን አስቸገራቸው፤ አንድ ጊዜ ታሞ የዳነው ፈረስ እንደገና ይታመም ነበር። ከዚህም በመነሣት የበሽታው ዓይነት ከአንድ በላይ መሆኑን ተረዱ። ዛሬ 9 ዓይነቶች ይታወቃሉ፤ ፈረስዎ ባለፈው ዓመት ታሞ መዳኑ ክትባቱን የማያስቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ሴረም ከተወጉት ፈረሶች አንዳንዶቹ ከሳምንታት በኋላ በጉበት ሕመም ሞተዋል። ታይለር ይህን ሳይደብቁ ጽፈው አሳተሙ፤ ሕመሙም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

በ1908 የተከፈተውን የኦንደርስቴፖርት የምርምር ተቋም መርተው በ1936 በስዊዘርላንድ ዐረፉ። በሽታውን የምታስተላልፈው በዐይን ለማየት የምታዳግት ተናካሽ ትንኝ መሆኗ የተረጋገጠው፣ እሳቸው ካለፉ በኋላ በ1944 በዚያው ተቋም ነው።

ትንኟ በብዛት የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት በመሆኑ ፈረስንና በቅሎን ፀሐይ ሳትጠልቅ በረት ማስገባት፣ ሲነጋም ማውጣት ተገቢ ነው። ቫይረሱን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ የታመመውን ማሳረፍ እንጂ መጫን ወይም መጋለብ ሞቱን ያፋጥናል። ክትባቱ በቢሾፍቱ የሚመረት ሲሆን፣ ባለንብረቶች ክረምት ከመግባቱ በፊት በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ በመሄድ ማስከተብ ይኖርባቸዋል። ከዐይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ስፍራ ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠረው ወይም ከአፍንጫው አረፋ የሚወጣ እንስሳ ሲያጋጥም፣ ከሌሎቹ ለይቶ በዕለቱ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ያስፈልጋል።