ጂኖ ዋትኪንስ፦ ብቻውን ቀዝፎ የቀረው ካያከኛ

ካያክ በኦሊምፒክ የሜዳልያ ውድድር የሆነው እ.ኤ.አ በ1936 በርሊን ላይ ነው። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ አንድ የ25 ዓመት እንግሊዛዊ በምሥራቅ ግሪንላንድ ባሕር ካያኩን ብቻውን እየቀዘፈ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ሙሉ ስሙ ሄንሪ ጆርጅ ዋትኪንስ ሲሆን ወዳጆቹ ጂኖ ይሉታል።

ጂኖ በ1907 ለንደን ተወለደ። ካምብሪጅ ተማሪ ሳለ በ20 ዓመቱ ወደ ስቫልባርድ የሄደ አጥኚ ቡድን መራ። በ1930 ደግሞ 14 አባላት ያሉትን ቡድን ይዞ ግሪንላንድ ገባ። ዓላማው ከእንግሊዝ ወደ ካናዳ ለሚበሩ አውሮፕላኖች መስመር ማጥናት ነበር። መሪው እንግዲህ የ23 ዓመት ልጅ ነው!

ካያክን የተማረው እዚያ ነው። ለዚያን ጊዜው የአገሬው ሰው ካያክ ስፖርት ሳይሆን የዕለት ጉርስ ጉዳይ ነበር። በእንጨት አጽም ላይ የአቆስጣ (የባሕር እንስሳ ነው) ቆዳ ይወጠራል፤ እንደ ልብስ በባለቤቱ ልክ ይሠራል። አዳኙ ውስጥ ገብቶ ውሃ እንዳያስገባ የቆዳ ጃኬቱን ከጀልባዋ አፍ ጋር ያስራል። ችግሩ ጀልባዋ ጠባብ ናት፤ ትገለበጣለች። ያኔ ጭንቅላቱ ውሃ ውስጥ እንዳለ በመቅዘፊያው ገፍቶ ዞሮ መነሳት አለበት። ካቃተው ደግሞ አለቀለት፤ በዚያ ቅዝቃዜ ሰው ብዙ አይቆይም። ጂኖ ይህን ሙያ ከግሪንላንዳውያን ተምሮ ጥርት አድርጎ ከቻሉት ጥቂት የዘመኑ አውሮፓውያን አንዱ ሆነ። አቆስጣም ያድን ነበር።

በግንቦት 1931 የቡድኑን አባል ኦገስቲን ኮርቶልድን ከበረዶ ሥር አውጥቷል። ኮርቶልድ በበረዶው አምባ ላይ አምስት ወር ብቻውን ከርሞ፣ ድንኳኑ በበረዶ ተቀብሮበት ነበር። በዚያው ዓመት ጂኖ ከኮርቶልድና ከሌላ ጓደኛቸው ጋር ክፍት ጀልባዎች ይዞ የግሪንላንድን ደቡባዊ ዳርቻ ዞረ። 1ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው።

ቀጥሎ አንታርክቲካን ለማቋረጥ አሰበ። ዘመኑ የዓለም ኢኮኖሚ የወደቀበት ነበርና ገንዘብ ጠፋ። ፓን አሜሪካን አየር መንገድ ባደረገው ድጋፍ በ1932 ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ወደ ግሪንላንድ ተመለሰ። በጀቱ ትንሽ ስለሆነ ምግባቸው በአደን የሚገኝ ሥጋ ነበር፤ ዋናው አዳኝ ደግሞ ራሱ ጂኖ። የአራት ሰው ድስት በአንድ ሰው ካያክ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ነሐሴ 20 ቀን (በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር) ጠዋት፣ ቱግቲሊክ ከተባለው ፊዮርድ እንደ ልማዱ ብቻውን ለአደን ወጣ። ፊዮርዱ ጫፍ ላይ ትላልቅ የበረዶ ቋጥኞች እየተገመሱ ባሕር ውስጥ የሚወድቁበት ግግር አለ። ከሰዓት በኋላ ጆን ራይሚልና ስፔንሰር ቻፕማን ካያኩን ውሃ ሞልቶት ሲንሳፈፍ አገኙት። ሱሪውና የካያክ መታጠቂያው ተንሳፋፊ በረዶ ላይ ተቀምጠዋል። ምናልባት ግግሩ ሲገመስ የተነሳው ማዕበል ገፍቶት ይሆናል፤ ምናልባትም የወጋው አቆስጣ ገልብጦት ይሆናል። ያየ ሰው የለም።

አስከሬኑ አልተገኘም። ራይሚል መሪነቱን ተረከበና ሦስቱ እዚያው ከርመው ጥናቱን ቀጠሉ።