የድኆችን መንደር የሠራው ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ

በጉርድ ሾላ ሠርክ ሲሆን በመንገድ ዳር ካርቶን አንጥፈው የሚያድሩትን ነዳያን ያላየ ከመካከላችን የለም። ሳንቲም በእጃቸው አኑረን እናልፋለን፤ ስለ ማደሪያቸው ግን እምብዛም አናስብም። ይህም በቅዳሴው የምናውቀውን፥ ጥር 6 ቀን በስንክሳር የምንዘክረውን ቅዱስ ባስልዮስን ያሳስበናል።

ባስልዮስ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ330 ዓ.ም. ገደማ በቀጰዶቅያ ቂሣርያ፥ ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር፥ ከባለጸጎች ቤት ተወለደ። በቍስጥንጥንያና በአቴና ከተማረ በኋላ ወደ ግብፅና ወደ ሶርያ ሄዶ የመነኮሳትን ኑሮ ተመለከተ። ባሕታውያንን አከበረ፤ ለራሱ ግን የማኅበርን ኑሮ መረጠ። ብቻውን የሚኖር ሰው የሚያገለግለው ወንድም፥ ትዕግሥቱንም የሚፈትንበት ባልንጀራ የለውምና።

በ368 ዓ.ም. ገደማ፥ ቄስ ሳለ፥ በቂሣርያ ጽኑ ረኃብ ሆነ። ከተማዪቱ ከባሕር ሩቅ ስለ ነበረች እህል በመርከብ አልደረሰላትም፤ ነጋዴዎችም ዋጋው እስኪወደድ ጎተራቸውን ዘጉ። ባስልዮስ ባለጸጎቹን ገሥጾ ጎተራውን አስከፈተ፤ ራሱም ወገቡን ታጥቆ በድስት የተቀቀለ ጥራጥሬ ለተራቡት አደለ።

ረኃቡ አለፈ፤ ማደሪያ ያልነበራቸው ግን እንደዚያው ቀሩ። በ370 ዓ.ም. ኤጲስ ቆጶስ ከሆነ በኋላ ከከተማው ውጭ ታላቅ መንደር አሠራ። በውስጡም የእንግዶች ማረፊያ፥ የድኆች መኖሪያ፥ ሐኪሞችና አስታማሚዎች ያሉበት የሕሙማን ቤት፥ የእጅ ሥራ ቤቶችም ነበሩ። ሕዝቡ ያሳደዳቸው ለምጻሞችም በዚያ ተጠጉ፤ የታላቅ ቤት ልጅ የሆነው ኤጲስ ቆጶስ እንደ ወንድሞቹ ይስማቸው ነበር። ለእኛ ከሕንጻው ይልቅ ይህ ይደንቀናል፤ ቤት መሥራትስ ገንዘብ ላለው ሁሉ ይቻላል።

ክስ ግን አልቀረለትም። ሕንጻው መንግሥትን ይጎዳል ብለው ለአገረ ገዢው ለኤልያስ ነገሩበት፤ እርሱም ለእንግዳና ለሕሙም ማረፊያ መሥራት ማንን እንደሚጎዳ በደብዳቤ ጠየቀ። ንጉሡ ዋሌንስ እንኳ፥ የአርዮስ ወገን ሆኖ በሃይማኖት ሲጣላው ሳለ፥ ለድኆቹ መሬት ሰጠ።

ባስልዮስ በ379 ዓ.ም. 50 ዓመት ያህል ሲሆነው ዐረፈ። መንደሩ ግን ቈየ፤ በአምስተኛው መቶ ዓመት የነበረው የታሪክ ጸሓፊ ሶዞሜኖስ በዘመኑ ስመ ጥር የድኆች ማደሪያ እንደ ነበረ ጽፏል። ሕዝቡም በሠሪው ስም ባስልያስ ይለው ነበር።