ቅዝቃዜን በመንኰራኵር ያስኬደው መካኒክ

ከሐይቅ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በተራሮች መካከል የተኛው አርዲቦ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው። ሲሞላ የሚተርፈው ውሃ ቁልቁል ወርዶ ገዳሙ ወዳለበት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ባሕር ይገባል። በዚህ ሥፍራ ቆሞ ስለ አየር ማቀዝቀዣ መሣሪያ የሚጨነቅ ሰው ይኖራል ብሎ የሚገምት ከቶ አይገኝም። እኛ ግን ባለፈው ሰሞን አገኘን።

ሰውየው እንግዳ እያሳፈሩ አገር የሚያሳዩ ናቸው። መኪናቸው አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ጋን የተሰናዳለት፣ በደረሰበት የሚያድር ቤት ነው። በጣሪያው ላይ አንድ ማቀዝቀዣ አለው። ይኸው አንዱ በወሎ ደጋ ጨርሶ ሥራ ፈት ሲሆን፣ ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ወደ አዋሽ ቆላ ሲወርዱ ግን ከኋላ የሚተኙትን እንግዶች አያደርስም። ስለዚህ ሁለተኛ ሊያስጨምሩ ፈልገው፣ አንድ መካኒክ እስከ ሐይቁ ዳር አስመጥተው ይነጋገሩ ነበር።

ዋጋውን ቶሎ ተስማሙ። ጊዜ የወሰደው ሌላው ነገር ነው። መካኒኩ፣ ጋሼ እያለ በትሕትና፣ አንዱን እንቢ ሌላውን እሺ ይል ጀመር። እንዲህ ያለው የጣሪያ ማቀዝቀዣ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ስለሚመዝን ስስ ጣሪያ በመካከሉ ይጐብጣል። ደግሞም ወርዱም ቁመቱም 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቀዳዳ ይፈልጋል። ደግነቱ ከመኝታው በላይ ለአየር መውጫ የተተወ የዚሁ ልክ ቀዳዳ ስላለ አዲስ መቍረጥ አያስፈልግም። የመብራት ማመንጫው ሞተር ነገር ግን አስቸጋሪ ሆነ። ማቀዝቀዣ ሲነሣ የሚስበው ኃይል በደንብ ከያዘ በኋላ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ነው፤ ሁለቱ ባንድ ጊዜ ቢነሡ ማመንጫው ይታነቃል። በዚያ ላይ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከመቶ ሦስት ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ አርዲቦ ላይ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል አጥቶ ነው የሚሠራው። ቆላ ሲወርድ ጉልበቱ ይመለስለታል፤ ሙቀቱ ግን የማቀዝቀዣውን ሸክም ያከብደዋል። ከሁሉም በኋላ የመንገዱ መንገጫገጭ መጣ፤ ባለመኪናው የፈሩት ይህንኑ ነበር።

እኛም ይህን ክርክር ቆመን ስንሰማ፣ እነዚሁ ጥያቄዎች ሁሉ የደረሱበትና አንድ ባንድ የፈታቸው ሰው ትዝ አለን። ስሙ ፍሬድሪክ ማክኪንሊ ጆንስ ይባላል።

ጆንስ የተወለደው በ1893 ሜይ 17 ቀን በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ በሲንሲናቲ አካባቢ ነው። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፈናል።) አባቱ ነጭ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ፣ እናቱ ጥቁር ነበረች። እናቱን በሕፃንነቱ አጣ። አባቱም ብቻውን ሊያሳድገው ስላልቻለ፣ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ከወንዙ ማዶ በኬንታኪ ለሚኖሩ አንድ የካቶሊክ ቄስ ሰጠው። በቄሱ ቤት እየጠረገና እየተላላከ ጥቂት ተማረ፤ ነገር ግን ልቡ ከመጽሐፉ ይልቅ በሰዓትና በመኪና ሆድ ዕቃ ላይ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከዚያ ወጥቶ ሄደ፤ የመደበኛ ትምህርቱም በዚያው አበቃ።

ቀጥሎ ያገኘው ሥራ የጋራዥ ወለል መጥረግ ነበር። ሌሎቹ ሲሠሩ ቆሞ እያየ፣ ማታ ማታም ራሱ እየሞከረ መካኒክነትን ያዘ። በአሥራ አምስት ዓመቱ ገደማ በዚያው ጋራዥ የመካኒኮች አለቃ ሆኖ ነበር። ዲግሪያችንን በቅርቡ የተቀበልን እኛ ይህን ስናነብ ትንሽ ማፈራችን አልቀረም።

በ1912 ወደ ሰሜን ሄዶ፣ በሚኔሶታ ክፍለ ሀገር፣ ከካናዳ ወሰን አጠገብ ባለችው በሃሎክ ከተማ ተቀመጠ። ሥራው በአንድ ሰፊ እርሻ ላይ ትራክተርና የእህል መውቂያ ማደስ ነበር። ክረምቱ ረጅምና በረዶ ስለነበረ መጻሕፍት እየተዋሰ ስለ ኤሌክትሪክ አነበበ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ አገር ዘምቶ በጦር ሰፈሮች ውስጥ የመብራትና የስልክ ሽቦ ዘረጋ። ሲመለስ ለከተማይቱ የራዲዮ ማሰራጫ ሠራላት። ድምፅ ያለው ፊልም በመጣ ጊዜም የሃሎክ ሲኒማ ቤት ለመሣሪያው የሚከፍለው ስላልነበረው፣ ጆንስ ከወዳደቀ ብረት ሠርቶ ሰጠው። ወሬው ሚኒያፖሊስ ደረሰና፣ ለሲኒማ ቤቶች ዕቃ የሚሸጥ ጆሴፍ ኑሜሮ የተባለ ነጋዴ በ1930 አካባቢ አስጠርቶ ቀጠረው።

አሁን ወደ ሐይቅ ዳር እንመለስ፤ ሚኔሶታ የሐይቅ አገር ነውና። በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ ሙቀቱ በበረታበት ወራት፣ ጆንስ ከሐይቅ አጠገብ መኪናውን አቁሞ ተቀምጦ ነበር ይባላል። ነፋስ እንዲገባለት መስኮቱን ቢከፍት የወባ ትንኝ ወረረችው። ቢዘጋው በሙቀት ታፈነ። ከዚህ በኋላ በመኪና ውስጥ የሚገባ ትንሽ ማቀዝቀዣ ያስብ፣ በወረቀትም ይነድፍ ጀመር። ጌታው ኑሜሮ ግን ለገበያ አይሆንም፣ ዋጋውም አይቻልም ብሎ መለሰው፤ ነገሩ እዚያው ቀረ።

በ1938 ነገሩን ያስነሣው ዶሮ ነው። በዚያ ዘመን ሥጋና አትክልት በካሚዮን ሲጓዝ የሚቀዘቅዘው በበረዶና በጨው ነበር፤ በረዶው ከቀለጠ ጭነቱ አለቀለት። ኑሜሮ ከሁለት ወዳጆቹ ጋር ጎልፍ ሲጫወት፣ የካሚዮን ባለቤት የነበረው አንደኛው አንድ ሙሉ ጭነት የታረደ ዶሮ እንደ ተበላሸበት አማረረ። በአየር ማቀዝቀዣ ሥራ የሚኖረው ሁለተኛው፣ መንገጫገጩ ይሰባብረዋልና በመኪና ላይ ማቀዝቀዣ የማይሆን ነገር ነው ብሎ ፈረደ። ኑሜሮ ለቀልድ ያህል እኔ እሠራልሃለሁ ብሎ ተናገረ። የካሚዮኑ ባለቤት ግን ቀልድ አልመሰለውም፤ ከጥቂት ቀን በኋላ አዲስ ካሚዮን ላከለት። ኑሜሮም በድንጋጤ ጆንስን ጠራው። ጆንስ መኪናውን ዞሮ ዞሮ ካየ በኋላ ይቻላል አለ።

ጆንስ ያደረገው ምን ነበር? ማቀዝቀዣው የካሚዮኑን ሞተር እንዳይለምን የራሱን ትንሽ የቤንዚን ሞተር ሰጠው። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱ እንዲነሣ፣ ሲበቃም ራሱ እንዲቆም አደረገው። መንቀጥቀጡን የሚችለው ደግሞ የእሽቅድምድም መኪና ሲሠራ የኖረ እጅ ስለነበረው ነው። የመጀመሪያውን መሣሪያ ከካሚዮኑ ሆድ ሥር ሰቀለው። እዚህ ላይ ተሳሳተ፤ ከባድ ከመሆኑም በላይ ጎማው የሚረጨው ጭቃና አቧራ ገባበት። ስለዚህ መሣሪያውን አቅልሎ ከጭነቱ ሣጥን ፊት ለፊት፣ ከሹፌሩ በላይ ሰቀለው። በሐዋሳ ወይም በቢሾፍቱ መንገድ አበባ ወደ ቦሌ የሚያመጡትን ባለማቀዝቀዣ ካሚዮኖች ያየ ሰው፣ ከሹፌሩ ራስ በላይ የተለጠፈውን ያንኑ ሣጥን አይቷል ማለት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሣሪያው ለወታደር ምግብ፣ መድኃኒትና ለቁስለኛ የሚሰጥ ደም ጠባቂ ሆነ። ለሜዳ ሆስፒታል የሚያገለግል ማቀዝቀዣም ጆንስ ሠራ። በ1944 የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር የመጀመሪያው ጥቁር አባል ሆነ። ይህ የሆነው በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ጥቁር ሰው ነጭ ከሚበላበት ምግብ ቤት እንዳይቀመጥ በሚከለከልበት ዘመን መሆኑን መርሳት አይገባም። በጠቅላላው ከ60 የሚበልጡ የፈጠራ መብቶች ሲመዘገቡለት፣ 40ው ያህል ስለ ማቀዝቀዣ ነበሩ። ኩባንያው ቴርሞ ኪንግ የሚባል ስም ይዞ ዓለምን ሲያዳርስ፣ የጆንስ ስም ግን ከሙያው ሰዎች አላለፈም። ይህ ለኛ አግባብ መስሎ አይታየንም።

ጆንስ በ1961 ፌብሩዋሪ 21 ቀን በሚኒያፖሊስ በሳንባ ካንሰር ሞተ። ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1991፣ የአሜሪካ መንግሥት ታላቁን የቴክኖሎጂ ኒሻን ለእርሱና ለኑሜሮ ሸለመ። ሁለቱም በሕይወት ስላልነበሩ ኒሻኑን የተቀበሉት ሚስቶቻቸው ናቸው።

የአርዲቦውን ጉዳይ ሳንጨርስ እንዳንቀር። ለባለመኪናው የጆንስን ታሪክ ባጭሩ ብናወራላቸው፣ መሣሪያው ከሥር ይሰቀል ይሆን ብለው ያሰቡትን ሐሳብ ወዲያው ተዉት። መካኒኩም ሁለተኛውን ከመኝታው በላይ ባለው ቀዳዳ ላይ ሊያኖረው፣ ክብደቱ በግድግዳዎቹ ላይ እንዲያርፍ በጣሪያው ሥር ሁለት አግዳሚ ብረት ሊያደርግለት፣ ከብረቱና ከመሣሪያው መካከል ወፍራም ጎማ ሊያስገባ ተስማማ። ሁለቱ ማቀዝቀዣዎች ባንድ ጊዜ እንዳይነሡም አንዱን የሚያዘገይ መቈጣጠሪያ ይገባል። ማመንጫው በቂ መሆኑ የሚታየው ግን ከባቲ በታች ነውና፣ የዋጋው ግማሽ ከዚያ ሲመለሱ እንዲከፈል ባለመኪናው አጥብቀው ጠየቁ። መካኒኩ ጥቂት ካንገራገረ በኋላ እሺ ብሎ፣ ቀብዱን ኪሱ ከቶ፣ የጣሪያውን ልክ በወረቀት ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ።