አፄ ምኒልክና የማገዶው ጭንቅ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሲነሱ በቅድሚያ የሚታወሰው የዓድዋ ድል ነው፤ ቀጥሎ የባቡር ሐዲዱ፣ ስልኩ፣ ወፍጮውና አዲስ አበባ ይከተላሉ። እምብዛም የማይነገረው ግን ንጉሠ ነገሥቱ ያቆረቆሯትን ይህችን ከተማ ጥለው ሊሄዱ ቤተ መንግሥት በሌላ ስፍራ እስከ ማስጀመር ደርሰው እንደነበር ነው። ለዚህ ያደረሳቸውም የማገዶ እጥረት ነበር።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ነበሩ። አንጎለላ ውርጭ የሚመታት፣ ገብስና በግ የሚበዛባት፣ ዛፍ ግን ያነሰባት ደጋ ናት። ሌላዋ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ አንኮበር ደግሞ ወደ ቆላ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ስትሆን በአቅራቢያዋ እስከ ዛሬ ድረስ የጽድ ዛፍ ያልጠፋበት የወፍ ዋሻ ደን ይገኛል። አንዱ ሀገር ኩበት ያነድዳል፤ ሌላው እንጨት። ይህ ልዩነት ለአንድ ቤተሰብ ኑሮና ለአንድ ማሳ ለምነት ምን ማለት እንደሆነ የደጋ ገበሬ ያውቀዋል።

በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን አረፉ፤ የ11 ዓመቱ ልጅም ተማርኮ ተወሰደ። አሥር ዓመት ያህል በቴዎድሮስ እጅ ቆይቶ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጦ በወሎ በኩል ወደ ሸዋ ተመለሰና ነገሠ። ከዚያ በኋላ ያለው የጦርነት፣ የእርቅና የግዛት ማስፋት ታሪክ ብዙ ተጽፎበታል፤ እዚህ የሚያስፈልገው ከዚያ ውስጥ አንዱ ክር ብቻ ነው፤ ንጉሡ የት የት እንደ ሰፈሩና የሰፈሩበት መሬት ምን እንደ ደረሰበት።

ከጎንደር ዘመን በስተቀር የኢትዮጵያ ነገሥታት ለብዙ መቶ ዓመታት ቋሚ ዋና ከተማ አልነበራቸውም። የንጉሡ ሰፈር ማለት የመኳንንቱ፣ የወታደሩ፣ የአገልጋዩ፣ የጋማ ከብቱና የነጋዴው ጉባኤ ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ እንጀራ ይጋግራል፣ ጠላና ጠጅ ይጥላል፣ ድንኳንና ጎጆ ይተክላል። ሁለት ሦስት ዓመት ሲቀመጥ ዙሪያው ይራቆታል፣ የአካባቢው ገበሬ እህልም ያልቃል፤ ከዚያ ሰፈሩ ይነሣል። ለገበሬው መራራ ሥርዓት ነበር። ለደኑ ግን የማገገሚያ ጊዜ ይሰጥ ነበርና፣ ዛሬ በግብርና ትምህርት ቤት መሬት ማሳረፍ የሚባለው ነገር ሳይታሰብ በሰፊው ይፈጸም ነበር ማለት ይቻላል። ምኒልክም መጀመሪያ በዚሁ ልማድ ሄዱ፤ ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ከልቼ ወደ እንጦጦ ተራራ። እንጦጦ ለጥበቃ የተመቸ፣ ለኑሮ ግን ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ብርዳም ቦታ ነው። በ1879 ዓ.ም. ገደማ እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት፤ ሕዝቡም ከተራራው ቀስ በቀስ ወደ ሜዳው ወረደ።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ ሀገሪቱ በክፉ ቀን ውስጥ ነበረች። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ይህ መከራ የጀመረው ከብት በሚፈጀው በደስታ በሽታ ነው። በሽታው በምፅዋ በኩል ለጣሊያን ጦር ከመጡ ከብቶች ጋር እንደ ገባ ይታመናል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሀገሪቱ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል እንዳለቀ ይገመታል። (ይህ በሽታ ከመላው ዓለም መጥፋቱ የተረጋገጠው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ለክትባቱ የተከፈለውን ድካም የሚያውቁት የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ናቸው።) በላዩ ላይ ዝናብ ጠፋ፣ አንበጣና ተምች ወረደ። የእህሉ መጥፋት ግን በዝናብ ብቻ የመጣ አልነበረም። በሬ የሌለው ገበሬ ሞፈርና ቀንበሩን ሰቅሎ ተቀመጠ፤ ዝናብ በተመለሰበት ስፍራ እንኳ መሬቱን የሚገለብጥ ጉልበት አልነበረም። ከሕዝቡ ሲሶው ያህል አለቀ የሚሉ አሉ።

በዚህ ወቅት ምኒልክ ያደረጉት ነገር በዘመናቸው ሰዎች ዘንድ ብዙ ተወርቷል። የቤተ መንግሥቱን ጎተራ ለተራበው ከፈቱ፤ ሕዝቡ ከብት አጥቶ እያለ እርሳቸው ሥጋ መብላት ተዉ። ከሁሉ በላይ የተነገረላቸው ግን ዶማ ይዘው ወደ ማሳ መውጣታቸው ነው። በዚያ ዘመን መሬት መቆፈር ለመኳንንት ውርደት ነበር። የጦር አለቃ በቅሎ ላይ ይቀመጣል እንጂ ዶማ አይነካም። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ሲቆፍሩ ግን መኳንንቱ ማመካኛ አጡ፣ ወታደሩም ተከተለ። በዶማ የሚቆፈረው መሬት በበሬ ከሚታረሰው ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ያ ሥራ ረኃቡን አቆመው ማለትም አይቻልም። ሆኖም በሬ ከሌለ እርሻ የለም የሚለውን ተስፋ መቁረጥ ሰብሯል፤ ያም በረኃብ ዘመን ትንሽ ነገር አይደለም።

ረኃቡ ካለፈ በኋላም አንድ የቆየ በደል ተነሥቶ ነበር። ወታደሩ በገበሬ ቤት እየገባ ይመራ፣ ያገኘውን ይበላ፣ ለዘር የተቀመጠውን ሳይቀር ይወስድ ነበር። ምኒልክ በ1880ዎቹ ገበሬው ከምርቱ አሥራት እንዲከፍልና ወታደሩ ከዚያ እንዲቀለብ ደነገጉ። ትእዛዙ በሁሉም ቦታ እኩል አልተከበረም። በተለይ በደቡብ በጦር በተያዙት ሀገሮች የገባር ሥርዓት የገበሬውን ጫንቃ አጉብጦ ቆይቷል፤ የምኒልክን የገጠር ታሪክ የሚያነሣ ሰው ይህን መዝለል አይገባውም።

አዲስ አበባ ግን አደገች። ከዓድዋ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ያልነበረ ሰላም ሰፈነ፤ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች መጡ፣ የድንጋይ ቤቶች ተሠሩ፣ ገበያው ደራ። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ምንጭ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውኃ በቧንቧ አወረዱ። እንደ ቀድሞው ድንኳን ነቅሎ መሄድ የማይቻልበት ጊዜ መጣ። ዛፉ ግን ይህን አላወቀም። የእንጦጦ ጽድና ወይራ ለምሶሶ፣ ለወጋግራ፣ ለአጥርና ለምድጃ ተቆርጦ አለቀ። እንጨት ለቃሚዎች በየዓመቱ የበለጠ መንገድ ይሄዱ ጀመር፤ በማለዳ ወጥቶ በምሽት መመለስ ተለመደ። ዛፍ ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጥ ክልከላ ወጣ። ክልከላው ብዙም አልሠራም፤ ምክንያቱም ቀላል ነው። ሰው በክልከላ አይጋግርም። የሚያነድደው ሌላ ነገር ያልተሰጠው ሕዝብ በሌሊትም ቢሆን ይቆርጣል።

ስለዚህ ምኒልክ በአሮጌው መንገድ መፍትሔ ፈለጉ፤ መነሣት። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ደን በቅርብ በነበረበት ስፍራ አዲስ ከተማ ማሠራት ጀመሩ። ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት። ብዙ ሺህ ሠራተኛ ተሰማራ፣ የቤተ መንግሥቱ ግንብ ቆመ፣ መንገድም ተጠረገ። ዘዴው ግን ችግሩን የሚያሻግር እንጂ የሚፈታ አልነበረም፤ አዲስ ዓለምም በ20 ዓመት ውስጥ እንጦጦን መምሰሏ አይቀርም ነበር። በመጨረሻ ሐሳባቸውን ለወጡ። ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ዛሬም በኮረብታው ላይ ቆሞ ይታያል።

ሐሳባቸውን ካስለወጡት ምክንያቶች አንዱ የውጭ ሰዎች በድንጋይ ቤቶቻቸው ላይ ያፈሰሱት ገንዘብ ነበር። ሌላው ከአውስትራሊያ የመጣ አንድ ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. አካባቢ የባሕር ዛፍ ዘር ወደ ሀገሪቱ ገብቶ ነበር፤ ያስገቡት ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ናቸው የሚለው በብዛት የሚጠቀሰው ነው፣ ሌሎች ስሞችም ይነሣሉ። ምኒልክ ዛፉ በዚያ ብርድና በዚያ አፈር ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያድግ ባዩ ጊዜ ችግኙ በአነስተኛ ዋጋ እንዲከፋፈልና የተከለ ሰው በግብር እንዲታገዝ አደረጉ። እዚህ ላይ ነው የቀድሞው ክልከላ ያልሠራውን ይህኛው የሠራው። ገበሬውም የከተማው ባለ ቦታም የሚተክለውን ዛፍ የራሱ ሀብት አድርጎ አየው።

ዛፉ ራሱም ረድቷል። ፍየልና ከብት ቅጠሉን አይበላም፤ ልቅ ግጦሽ በሰፈነበት ሀገር ይህ ብቻውን አጥር ነው። ጽድ የአንድ ሰው ዕድሜ ሲጠብቅ ነጭ ባሕር ዛፍ በአምስት ዓመት አካባቢ አጣናና ማገር ይሆናል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። የረገፈው ቅጠሉ የምጣድ እሳት ነው። በምኒልክ ዕድሜ መጨረሻ አዲስ አበባ ከሩቅ የሚያያት መንገደኛ ከተማ ሳይሆን ጫካ የምትመስል ሆና ነበር። ከዚያ በኋላ መናገሻው ወደ ሌላ ስፍራ አልተዛወረም።

ቅሬታውም አልዘገየም። ባሕር ዛፍ ወንዝና ጉድጓድ ያደርቃል የሚለው ወቀሳ ገና በዚያው ዘመን ተነሥቶ በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከተተከለው ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በምትኩ የሐር ትል የሚቀለብበት የእንጆሪ ዛፍ እንዲተከል ትእዛዝ እስከ መውጣት ደርሶ ነበር። ሕዝቡ ግን አልነቀለም። ወቀሳው ከእውነት የራቀ አይደለም። ባሕር ዛፍ ከምንጭና ከወንዝ ዳር ሲተከል ብዙ ውኃ ይስባል፤ ከሥሩ ሣር እምብዛም አይበቅልም፣ አጠገቡ ያለ ሰብልም ይቀጭጫል። ተዳፋት ላይ ቅጠሉ ተጠርጎ ለምድጃ ከተወሰደ አፈሩ ራቁቱን ይቀርና ክረምት ሲገባ ጎርፍ ይወስደዋል። በሌላ ወገን ደግሞ አንድ ገበሬ ባሕር ዛፍ ካነደደ ኩበቱ ለማሳው ይተርፋል። ጥያቄው ዛፉ የት ይተከል የሚለው ነው እንጂ ይኑር አይኑር የሚለው አይመስልም። የምኒልክ ጉድለትም እዚያው ላይ ይታያል፤ ፈጥኖ የሚያድገውን ሲያስፋፉ ያለቀውን ጽድና ወይራ የሚተካ ያን ያህል ትጋት አልታየም። ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጀምሮ እንደ ተተከለ የሚነገርለት የመናገሻ ደን የንጉሥ ደን ሆኖ ሲጠበቅ፣ ሌላው የሀገር በቀል ዛፍ በየሰፈሩ ማለቁን ቀጠለ፤ የቀረውም በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው።

ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የእርሻ ሚኒስቴር ከእነርሱ አንዱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሕመም ጣላቸው፤ አንደበታቸው ታስሮ፣ ሰውነታቸው ዝሎ ዓመታት ቆዩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ዛሬ አፅማቸው ያረፈው በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ነው።

ያስፋፉት ዛፍ ግን ከሸዋ አልፎ ጎጃምን፣ ጎንደርንና ወሎን ሸፍኗል። በሜጫ አካባቢ ጤፍና ዳጉሳ ይበቅልበት የነበረ ለም ማሳ ባሕር ዛፍ ሆኗል፤ ገበሬው ማዳበሪያ የማይጠይቅ፣ ሲቸግር ተቆርጦ የሚሸጥ ባንክ አድርጎ ይቆጥረዋል። በአዊ ደግሞ በአሲድ በተጎዳው አፈር ላይ ሌላው የአውስትራሊያ ዛፍ ደከረንስ ለከሰል ተስፋፍቶ፣ በቅርብ ዓመታት በበሽታ ተመትቷል። ያለውን መሬት ሁሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ የሸፈነ አባወራ በአንድ ክረምት ገቢው ሲደርቅ አይቷል። በእንጦጦም ጽድ፣ ወይራና ኮሶ በባሕር ዛፉ ቦታ መልሰው እየተተከሉ ነው። ከተራራው ጥግ እስከ ዛሬ ድረስ በማለዳ የሚወጡት ሴቶች ግን የተከመረ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ ይወርዳሉ።