ሲድኒ ፋርበር፦ የሕፃናት ካንሰር ሕክምና ፋና ወጊ

በዛሬው አምዳችን የሕፃናት ካንሰር ሕክምናን መንገድ ያስጀመሩትን ሐኪም ሕይወት እንቃኛለን። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሲድኒ ፋርበር በ1903 በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት፣ ቡፋሎ ከተማ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ከ14 ልጆች ሦስተኛው ነበሩ። በወቅቱ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የአይሁዳውያንን ቁጥር ይገድቡ ስለነበር የመጀመሪያውን ዓመት ጀርመን ተምረው ወደ ሃርቫርድ በመዛወር በ1927 ተመረቁ።

በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ሥራቸው የፓቶሎጂ ምርመራ ነበር። በካንሰር የሞቱ ሕፃናትን አስከሬን ሲመረምሩ ኖረው፣ በሕይወት ያሉትን ለማዳን ተነሱ። በመጀመሪያ ለደም ካንሰር ሕሙማን የፎሊክ አሲድ ዓይነቶችን ሲሰጡ በሽታው ባሰ። እርሳቸው ግን ከዚህ ውድቀት ተማሩ፤ ፎሊክ አሲድ ካንሰሩን የሚያፋጥን ከሆነ፣ ሥራውን የሚያግድ መድኃኒት ሊገታው ይችላል አሉ። በ1948 ይፋ ባደረጉት ውጤት አሚኖፕተሪን ከወሰዱ 16 ሕፃናት 10ሩ ተሻሽለው ነበር። መሻሻሉ ጊዜያዊ ነበር፤ በሽታው ተመለሰ። ብዙ ባልደረቦቻቸውም ሕፃናቱን ማሠቃየት ነው ብለው ተቃወሟቸው። እርሳቸው ግን ሥራውን አላቆሙም።

በ1950ዎቹ አክቲኖማይሲን ዲ የተባለውን መድኃኒት ከቀዶ ሕክምናና ከጨረር ጋር አጣምረው የኩላሊት ካንሰር ያለባቸውን ሕፃናት አከሙ። ወደ ሳንባ የተሠራጨ ዕጢ ጭምር ሲጠፋ ታየ። የታካሚው ምግብ፣ ሥነ ልቦናና የቤተሰቡ ችግርም የሕክምናው አካል ነው ብለው ያምኑ ነበር። በ1973 በ69 ዓመታቸው አረፉ።

አክቲኖማይሲን ዲ ዛሬም ራብዶማዮሳርኮማ ለተባለው ብርቅ የሕፃናት ካንሰር ከቪንክሪስቲንና ከሳይክሎፎስፋማይድ ጋር ይሰጣል። ይህ ካንሰር ጡንቻ መሆን ከሚገባቸው ሕዋሳት የሚነሳ ሲሆን በዓይን አካባቢ፣ በራስና አንገት፣ በሽንት ፊኛ፣ በብልት አካባቢ ወይም በእጅና እግር ላይ ሊወጣ ይችላል። የሚረጋገጠው ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂ ሲመረመር ነው። መሠራጨቱ ደግሞ በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ እና በመቅኔ ምርመራ ይታያል። ከዚያም እንደ ቦታውና ደረጃው ኬሞቴራፒ፣ ቀዶ ሕክምናና ጨረር ይቀናጃሉ። ሳይሠራጭ ተደርሶበት ሙሉ ሕክምና ያገኙ ሕፃናት አብዛኞቹ ይድናሉ።

ወላጆች ሆይ፣ ሕመም የሌለው እብጠት ምንም አይደለም ማለት አይደለም። ልጅ ወድቆ ነው ተብሎ የታለፈ እብጠት ከቀን ወደ ቀን ካደገ፣ አንድ ዓይን ወደ ውጭ ከገፋ፣ ሽንት ደም ከቀላቀለ ወይም ሽንት መሽናት ካስቸገረ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ። እብጠቱን አታሹ፤ አታስተኩሱ፤ አታስበጡ። ሕክምናው ከተጀመረም እብጠቱ ስለጠፋ ብቻ አታቋርጡ። ፋርበር በመጀመሪያዎቹ ታካሚዎቻቸው እንዳዩት፣ የጠፋ የመሰለ ካንሰር ተመልሶ ይመጣል።