የሞልዬር ሕይወት፦ አምስት ዓመት የታገደው ቲያትር

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ከመለሷቸው ተውኔቶች መካከል «ታርቲዩፍ» እና «የፌዝ ዶክተር» ይገኛሉ። ሁለቱንም የጻፈው ፈረንሳዊው ሞልዬር ነው። በዚህ እትማችን የእሱን ሕይወት እንቃኛለን (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ሞልዬር የመድረክ ስሙ ነው፤ ትክክለኛ ስሙ ዣን ባፕቲስት ፖክላን ይባላል። በ1622 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የንጉሡን ቤተ መንግሥት መጋረጃና ምንጣፍ የሚያሰናዳ ባለሙያ ነበር፤ ሹመቱም ለልጁ የሚተላለፍ ነው። ልጁ ግን በ21 ዓመቱ እንጀራውን ትቶ ከተዋናይቷ ማድሌን ቤዣር ጋር የቲያትር ቡድን አቋቋመ። ቡድኑ ብዙም ሳይቆይ ከሰረ፤ ሞልዬርም በ1645 በዕዳ ታሰረ። ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ በየክፍለ ሀገሩ እየዞረ ሠራ። በ1658 ፓሪስ ተመልሶ በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ፊት ቀረበ። መጀመሪያ ያሳየው አሳዛኝ ድራማ ብዙም አልተወደደም። ቀጥሎ ያቀረበው የራሱ አጭር ቀልድ ግን ንጉሡን አሳቀ፤ ቡድኑም ፓሪስ ውስጥ መድረክ ተሰጠው።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1664 በ«ታርቲዩፍ» ነው። ታርቲዩፍ አላህን የሚፈራ መስሎ አንድ ሀብታም ቤት የሚገባ ሰው ነው። አባወራው ልጁን ሊድርለት ያስባል፣ ንብረቱን ይፈርምለታል፤ እሱ ደግሞ የአባወራውን ሚስት ይመኛል። እኛ ሪያእና ኒፋቅ የምንለው በሽታ ማለት ነው። ቀሳውስቱ ተቆጡ፣ ተውኔቱም ታገደ። በ1667 የገጸ ባሕርዩን ስም ቀይሮ ቢያቀርበውም ከአንድ ቀን በላይ አልዘለቀም፤ የፓሪሱ ሊቀ ጳጳስ ተውኔቱን ያሳየም ያነበበም እንደሚወገዝ አስታወቁ። በመጨረሻ በ1669 ተፈቀደ። እውነቱን ለመናገር የተቃዋሚዎቹ ስጋት ባዶ አልነበረም፤ አስመሳዩና እውነተኛው አማኝ አንድ ዓይነት ልብስ ሲለብሱ ተመልካቹ በምን ይለያቸው? ሞልዬር ግን የአባወራውን አማች በትክክል ይህንኑ ልዩነት እንዲያስረዳ አድርጎታል።

አንድ ቅሬታ አለን። በ1669 የዑስማንያው መልእክተኛ ሱለይማን አጋ ፈረንሳይ መጥተው ነበር። በማግስቱ ዓመት ሞልዬር መኳንንትን ለመምሰል በሚጥር ነጋዴ ላይ በጻፈው ቀልድ ውስጥ የውሸት «የቱርክ ሥነ ሥርዓት» አስገባ፤ ሙፍቲ የለበሰ ተዋናይ ትርጉም የለሽ ቃላት እያነበነበ ይጨፍራል። እዚህ ላይ ሳቁ አልመጣልንም። የሚገርመው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተውኔቶቹን ወደ ቱርክኛ የመለሷቸው የዑስማንያው ባለሥልጣን አሕመድ ቬፊቅ ፓሻ ናቸው። ግብፃዊው ሙሐመድ ዑስማን ጀላልም ታርቲዩፍን «ሸይኽ መትሉፍ» ብሎ ወደ ዐረብኛ አመጣው። ጥምጣሙን ለራሳችን ሰው አጠለቀለት ማለት ነው።

ሞልዬር የሞተው በ1673 ነው። ሳይታመም ታምሜያለሁ የሚል ሰው ሆኖ ሲተውን እሱ ራሱ በእርግጥ የታመመ ነበር። የካቲት 17 ቀን በአራተኛው ትርዒት መድረክ ላይ አንቀጠቀጠው፤ በሳቅ ሸፍኖ ጨረሰ፣ ቤቱም ገብቶ በሰዓታት ውስጥ አረፈ። የተጠሩት ሁለት ቄሶች አንመጣም አሉ፤ ሦስተኛው የደረሰው ከሞተ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን ሙያውን ያልካደ ተዋናይ በቤተ ክርስቲያን መቃብር አይቀበርም ነበር። ሚስቱ አርማንድ ንጉሡን ለመነች። ከአራት ቀን በኋላ በሌሊት፣ ያለ ጸሎተ ፍትሐት ሥርዓት እንዲቀበር ተፈቀደ።